ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና ባለቤት አልባው ውሻ

ጥር 23 ቀን የሚታሰበውን ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሥዕሉ ነው። ጥቁር ቀሚስ የለበሰ፣ ፊቱ በፈገግታ የተሞላ ካህን በልጆች ተከቦ ይታያል። በአንዳንዱ ሥዕል ላይ ደግሞ ከቀሚሱ ጠርዝ አጠገብ ተኩላ የሚመስል ትልቅ ግራጫ ውሻ አለ። ሕፃናት ወዲያው የሚጠይቁት ስለዚሁ ውሻ ነው፤ መምህራኖቻቸውም ብዙውን ጊዜ ነገሩን በሁለት ቃል ዘግተው ወደ ትምህርታቸው ያልፋሉ። እኛ ግን በዚህ እትም የቅዱሱን ሕይወት ስንተርክ ውሻውን ከሥዕሉ ጠርዝ ወደ መካከል ልናመጣው ወደናል። ምክንያታችንም ከታሪኩ ጋር እየተገለጠ ይሄዳል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ውሻ ሁለት ስም አለው። ቤትና ከብት ሲጠብቅ ታማኝ ይባላል፤ ባለቤት ሲያጣ ግን ድንጋይ የሚወረወርበት፣ ስሙም ለስድብ የሚውል ፍጡር ይሆናል። በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከመሸ በኋላ የሚያልፍ ሰው፣ ሱቆቹ ተዘግተው በረንዳው ጭር ሲል፣ ካርቶን አንጥፈው የተኙ ልጆችን፣ ከጎናቸውም ተጠቅልለው የሚያድሩ ውሾችን የሚያይበት ጊዜ አለ። ልጁ ውሻውን ያሞቀዋል፣ ውሻውም ልጁን ይጠብቀዋል። ሁለቱንም በስም የሚጠራቸው የለም፤ አንዱ ዱርዬ፣ ሌላው የመንደር ውሻ ተብለው ይታለፋሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ለዚህ ለተናቀ እንስሳ ቦታ ሰጥተውታል። ጦብያ ከመልአኩ ጋር ለጉዞ ሲነሣ ውሻው ተከትሎት ሄዷል፤ በባለጸጋው ደጅ ወድቆ ማንም ዘወር ብሎ ያላየውን አልዓዛርን የጎበኙትም ውሾች ነበሩ። ይህን ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ዮሐንስ ቦስኮ በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ አውራጃ፣ በካስቴልኑዎቮ ወረዳ ቤኪ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ነሐሴ 16 ቀን 1815 ተወለደ። ይህ አውራጃ ለእኛ አገር ምእመናን እንግዳ አይደለም፤ በኦሮሞ ምድር ወንጌልን የሰበኩት፣ በኋላም በምኒልክ ፈቃድ በፊንፊኔ ሚሲዮን ያቋቋሙት ካፑቺናዊው አቡነ ማስያስ በ1809 የተወለዱት በዚያው በአስቲ አካባቢ ነው። አቡነ ማስያስ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ከአገራቸው የወጡበት 1846 ዓ.ም. ደግሞ፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ዮሐንስ ቦስኮ ለልጆቹ ቋሚ መጠለያ ያገኘበት ዓመት ነው።

አባቱ ፍራንቸስኮ በሳንባ ምች ሲሞት ዮሐንስ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቱ ማርጋሪታ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ፣ ጸሎቷና ጉልበቷ ግን የማይዝል ሴት ነበረች። ሁለቱን ልጆቿን፣ የእንጀራ ልጇን አንቶንዮንና አሮጊቷን አማቷን በዚያ የድርቅና የረኃብ ዘመን ብቻዋን አሳደረች።

ዮሐንስ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳውን ሕልም አየ። ብዙ ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ የእግዚአብሔርን ስም ይሳደባሉ። እርሱም ዘሎ ገባና በቡጢ ሊያስተዋቸው ሞከረ። በዚህ ጊዜ ግርማ ያለው ሰው ተገልጦ፣ እነዚህን ልጆች ወዳጅ ሊያደርጋቸው የሚችለው በዱላ ሳይሆን በየዋህነትና በፍቅር መሆኑን ነገረው። ከዚያም አንዲት እመቤት እጁን ይዛ ስታሳየው ልጆቹ ጠፍተው በምትካቸው ፍየሎች፣ ውሾች፣ ድመቶችና ድቦች ቆመዋል። ጥቂት ቆይቶ አውሬዎቹ ሁሉ ረጋ ያሉ በጎች ሆኑ። ትርጉሙን ሲጠይቅ ጊዜው ሲደርስ እንደሚገባው ተነገረው። እኛ ከዚህ ሕልም የምናስተውለው አንድ ነገር ነው፤ ከሜዳው የተባረረ አንድም አልነበረም። በግ የሆኑት እነዚያው ውሾችና ድቦች ናቸው እንጂ ሌሎች በጎች ከውጭ አልመጡም።

ይሁን እንጂ ሕልሙ የተፈጸመው በቀላሉ አይደለም። አንቶንዮ የዮሐንስን መማር አጥብቆ ተቃወመ፤ ለገበሬ ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል ባይ ነበር። ጠቡ ሲበረታ እናቱ ገና 12 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ሥራ ፈልጎ እንዲያድር ከቤት ለመሸኘት ተገደደች። ዮሐንስ በሞንኩኮ አቅራቢያ በሞልያ ቤተሰብ እርሻ ላይ ከብት ጠባቂ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። እንግዲህ ለመንገድ ልጆች አባት የሆነው ቅዱስ ራሱ በልጅነቱ ጥቅልሉን ይዞ በሰው ደጅ ሥራ የለመነ ነበር። ከዚያ ያወጡት ዶን ካሎሶ የተባሉ ሽማግሌ ካህን ናቸው። በ1829 ከስብከት ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙት፤ የሰማውን ስብከት እንዲደግምላቸው ቢጠይቁት ያለ ስሕተት ወጣው፤ ላቲን ያስተምሩትም ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ሽማግሌው በድንገት ሲሞቱ ልጁ እንደገና ያለ ረዳት ቀረ። በኋላ በኪየሪ ከተማ የተማረው በቡና ቤት እያስተናገደ፣ በደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ቦታ እያደረ ነው። በ1835 ዘርአ ክህነት ገባ፤ ሰኔ 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ክህነት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በጣልያንኛ ለካህናት በሚሰጠው መጠሪያ ዶን ቦስኮ ተባለ።

የንስሐ አባቱ ቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ ወደ ቶሪኖ እስር ቤቶች ይዞት ገባ። እዚያ ያየው ነገር ወጣቱን ካህን አስደነገጠው። ከ12 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጤነኛና ብሩህ ልጆች በተባይ ተወርረው፣ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ ልቡን ያቆሰለው ግን ሌላ ነገር ነበር። ብዙዎቹ መልካም ለመሆን ቆርጠው ከእስር ይወጡና ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ተመልሰው ይገባሉ። ምክንያቱን ሲመረምር የክፋት ብዛት ሆኖ አላገኘውም፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ሰው አለመኖሩ ነው። የሚያድሩበት ቤት፣ የሚያሠራቸው ጌታ፣ በእሑድ ቀን ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቃቸው ወዳጅ አልነበራቸውም። ሁለተኛ ዕድል በአየር ላይ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ ዶን ቦስኮ የተረዳው በዚያ ነው፤ የሚቀበል ሰው በር ላይ ካልቆመ ምሕረት የተደረገለት ልጅ ወዴት ይሄዳል?

ታኅሣሥ 8 ቀን 1841 በእመቤታችን በዓል ዕለት በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ አንድ ልጅ ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ ዳር ላይ ቆመ። ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባል የ16 ዓመት ወላጅ አልባ፣ ከአስቲ ለግንበኛ ረዳትነት የመጣ ልጅ ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቅዳሴ እንዲያገለግል ጠየቀው፤ ልጁ ግን አያውቅም። ኃላፊው ተቆጥቶ፣ የማታውቅ ከሆነ ምን ልትሠራ ገባህ በማለት በአቧራ ማራገፊያው እንጨት ጭንቅላቱንና ትከሻውን እየደበደበ አስወጣው። ዶን ቦስኮ ይህን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ልጁ ወዳጁ መሆኑን ተናገረ፤ አሁኑኑ ጠርቶ እንዲያመጣውም አዘዘ። ከዚህ በፊት ተያይተው አያውቁም ነበር። ከቅዳሴው በኋላ አጠገቡ አስቀምጦ ስለ አባቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ንባብ፣ ስለ መዝሙር ጠየቀው፤ ለሁሉም መልሱ የለኝም ወይም አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ማፏጨት ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቀው ልጁ ሳቀ። ከዚያ በትእምርተ መስቀል ትምህርት ጀመሩ። በተከታዩ እሑድ ጋሬሊ ጓደኞቹን ይዞ መጣ።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ዱላው ጥቂት ብናስብ መልካም ነው። የዕቃ ቤቱ ሰው ክፉ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓትና ንብረት ይጠብቅ ነበር። በእኛም ደጀ ሰላም በበዓል ቀን እግሩ የቆሸሸ ልጅ ሲጠጋ ዘበኛው ዱላውን የሚያነሣው ስለዚሁ ሥርዓት ነው፤ ውሻ ሲገባም በዚያው ዱላ ይመታል። የሳሌዝያን ማኅበር ዛሬም ልደቱን የሚቆጥረው ዱላው ከተነሣበትና ወዲያው ከተመለሰበት ከዚያች ሰዓት ነው።

ልጆቹ ከአሥር ወደ መቶ፣ ከመቶ ወደ ብዙ መቶ አደጉ። ግንበኞች፣ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ነበሩ። ዶን ቦስኮ ይህን የእሑድ ስብሰባ ኦራቶሪዮ ብሎ ጠራው፤ የጸሎትም የጨዋታም ቤት ማለቱ ነበር። ነገር ግን ቤት የሚባል አልነበረም። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ወደ ሌላው፣ ከመቃብር ሥፍራ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሜዳ ተባረሩ፤ ጎረቤት ሁሉ በጩኸቱ ያማርራል። አንዳንድ ካህናት ወንድሞቹ አእምሮው የተነካ መሰላቸው፤ ሁለቱ በሠረገላ አሳፍረው ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሊወስዱት መጡ። እርሱም አሳባቸውን ዐውቆ በአክብሮት እነርሱን አስቀድሞ አስገባና በሩን ዘግቶ ባለ ሠረገላው በፍጥነት እንዲነዳ አዘዘ። ሆስፒታሉ ሁለት ሕሙማንን ተቀበለ። ቅዱሳን ሁሉ ኀዘንተኞች ናቸው ለሚል ሰው ይህን ታሪክ እንነግረዋለን።

በ1846 ፋሲካ ዕለት በቫልዶኮ ሰፈር ፒናርዲ ከተባለ ሰው በተከራየው ዝቅተኛ ዳስ ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዶን ቦስኮ ከድካም ብዛት በሳንባ በሽታ ወድቆ ለሞት ቀረበ፤ ምሥጢረ ቀንዲልም ተቀበለ። ያን ጊዜ እነዚያ የግንባታ ሠራተኞች ልጆች የቻሉት ጾሙ፣ ሌሎች ከሥራ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አደሩ፣ የማይችሉትን ስእለት የተሳሉም ነበሩ። ዳነ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ የልጆቹ መሆኗን አምኖ ኖረ። በኅዳር እናቱን ማርጋሪታን ይዞ በእግር ወደ ቫልዶኮ ተመለሰ፤ የ58 ዓመቷ መበለት ቤቷን ትታ ለማታውቃቸው ልጆች እናት ልትሆን መጣች።

መጀመሪያ የተቀበሏቸው አዳሪዎች ማንነታቸውን ሳይደብቁ አሳዩ። ከሣር መከማቻው ላይ ያስተኟቸው ልጆች ንጋት ላይ ብርድ ልብሶቹን ይዘው ጠፉ። ማናችንም ብንሆን በዚህ ቀን በሩን እንዘጋ ነበር። እነርሱ ግን በግንቦት 1847 በዝናብ በስብሶ ሌሊት በሩን የመታውን ሌላ ልጅ አስገቡት። ማርጋሪታ ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጣ ሾርባ ሰጠችው፤ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ መኝታ አዘጋጀችለት፤ ከመተኛቱም በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ እምነት ጥቂት ቃል ነገረችው። በሳሌዝያን ቤቶች ከመኝታ በፊት የሚሰጠው አጭር የምሽት ምክር ከዚህ እንደ ጀመረ ይነገራል። ቀስ በቀስ ቤቱ ሰፋ፤ በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት፣ በ1854 የመጻሕፍት ጥረዛ፣ በ1856 የእንጨት ሥራ ክፍሎች ተከፈቱ። ከዚያ አስቀድሞ በከተማው ለሚሠሩ ልጆች ከአሠሪዎቻቸው ጋር የጽሑፍ ውል ይፈርምላቸው ነበር፤ አሠሪው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳያርም፣ የእሑድን ዕረፍትም እንዲጠብቅለት የሚያስገድዱ እነዚህ ውሎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ።

ውሻው ወደዚህ ሕይወት የገባው በዚህ ዘመን ነው። በ1848 በፒየሞንቴ የሃይማኖት ነጻነት ከታወጀ በኋላ በካቶሊካውያንና በሌሎች መካከል የጦፈ የጽሑፍ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዶን ቦስኮ ከ1853 ጀምሮ በየወሩ የሚያወጣቸው ትንንሽ የሃይማኖት መጻሕፍት ጠላት አበዙበት። የዚያ ዘመን ክርክር አነጋገሩ በሁለቱም ወገን ሻካራ እንደ ነበረ ዛሬ ልንክድ አይገባንም። ነገር ግን አንዳንዶች ከብዕር አልፈው ወደ መሣሪያ ሄዱ። ልጆቹን ሲያስተምር በመስኮት የተተኮሰ ጥይት በብብቱ ሥር አልፎ ቀሚሱን ቀደደ፤ የታመመ ሰው አናዝዝ ተብሎ በሌሊት ተጠርቶ በዱላ የተደበደበበትም ጊዜ ነበር። ቫልዶኮ ያን ጊዜ ከከተማው ዳር፣ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ መብራት የሌለው ሰፈር ነበር።

አንድ ምሽት ብቻውን ሲመለስ ትልቅ ግራጫ ውሻ ከጎኑ መጣ። ሹል አፍንጫ፣ የቆሙ ጆሮዎች፣ ቁመቱም ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ዶን ቦስኮ መጀመሪያ እንደ ፈራ ራሱ ጽፏል። ውሻው ግን ጅራቱን እየቆላ ተጠጋው፤ እስከ ቤቱ ደጅ ሸኘውና ተመልሶ ሄደ። የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። በጣልያንኛ ግራጫ ማለት በሆነው ቃል ግሪጆ ብሎ ሰየመው። ስም ማውጣቱን ልብ እንበል፤ ለጋሬሊም መጀመሪያ የሰጠው ስም ነበር፤ ወዳጄ አለው።

በ1854 ኅዳር መጨረሻ፣ ጭጋግና ዝናብ ባለበት ምሽት፣ ሁለት ሰዎች ከፊቱ ይሄዱ ነበር። እርሱ ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲዘገይ ይዘገያሉ። ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ዘለው ካባ በራሱ ላይ ጣሉበት፤ አፉንም በጨርቅ ሊያፍኑት ታገሉ። በዚያች ቅጽበት ግሪጆ እንደ ድብ እያጓራ ደረሰ፤ አንዱን ፊቱ ላይ ዘለለበት፣ ሌላውንም መሬት ላይ ጣለው። ሰዎቹ ውሻውን እንዲጠራላቸው በፍርሃት ለመኑት። ዶን ቦስኮም በሰላም የሚለቁት ከሆነ እንደሚጠራው ነግሯቸው ጠራው፤ ሮጠው አመለጡ። የእነዚያን ሰዎች ስም ለመፈለግ እንደ ደከመ አልተጻፈም። በዚያች ሌሊት ሁለተኛ ዕድል ያገኙት እነርሱም ጭምር ናቸው።

ሌላ ጊዜ፣ ቀደም ሲል ሞት የተፈረደባቸው ይሰቀሉበት በነበረው ሮንዶ በተባለው ሥፍራ አጠገብ፣ አንድ ሰው ከዛፍ ጀርባ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ሳተው፤ ሊያንቀው ሲመጣም ውሻው ደርሶ አባረረው። አንድ ምሽት ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ዶን ቦስኮ ሊወጣ ሲል ግሪጆ በደፉ ላይ ተጋድሞ አላሳልፍ አለው፤ ሊያልፍ በሞከረ ቁጥር ያጓራበታል። ማርጋሪታ፣ እኔን ካልሰማህ ውሻውን እንኳ ስማ በሚል መንገድ ልጇን ገሠጸችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ የታጠቁ ሰዎች በመንገድ እንደሚጠብቁት ነገረው።

በቤቱ የነበሩ ልጆችም ውሻውን አይተውታል። አንድ ምሽት በግቢው ሲገባ አንዳንዶቹ ሊመቱት ተነሡ፤ የዶን ቦስኮ ውሻ መሆኑን ያወቀ ሲነግራቸው ግን ጆሮውን እየሳቡ፣ ጀርባውን እየዳሰሱ ወደ መመገቢያ ክፍል አስገቡት። ዶን ቦስኮ በራት ላይ ነበር። ውሻው ዳቦም ሥጋም ውኃም ቢሰጠው ሳይነካ፣ ራሱን ከገበታው ጠርዝ አስደግፎ ጥቂት አየውና ወጣ። በዚያች ሌሊት ቅዱሱ በአንድ መኰንን ሠረገላ ተሳፍሮ ስለ መጣ በመንገድ አልተገናኙም ነበር፤ በደኅና መግባቱን ለማየት የመጣ ይመስል ነበር።

አንዳንዶች ግሪጆን በውሻ አምሳል የተላከ መልአክ ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን እንድናምን አታስገድደንም፤ ዶን ቦስኮም እንዲህ ነው ብሎ አልወሰነም። በትዝታ መጽሐፉ እንዳሰፈረው አንድ ጊዜ የውሻውን ምንጭ ሊመረምር አስቦ ነበር፤ ግን ከየትም ይምጣ መልካም አድርጎልኛል ብሎ ተወው። እኛም ተራ ውሻ ነበረ ብንል ከታሪኩ የሚጎድል ነገር አናይም፤ እንዲያውም ተራ ውሻ መሆኑን እንመርጣለን። ምክንያቱም ያ ካህን በሩን ለመቱ ልጆችም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ በምን ታሰርህ ብሎ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት ሾርባ ያቀርብ ነበር። (ልጆቻችን በጎዳና ያለ ውሻን ሁሉ ልዳስስ እንዳይሉ መምህራን አደራ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው ይገድላል፤ የተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ድንጋይ አለመወርወር ግን ክትባት አይጠይቅም።)

በዚያው በ1854 ክረምት ኮሌራ ቶሪኖን መትቶ ነበር። ሰው ከገዛ ዘመዱ ይሸሽ ነበር፤ ሕሙማንን የሚያነሣ ጠፋ። ዶን ቦስኮ ልጆቹን ሰብስቦ ፈቃደኞችን ሲጠይቅ መጀመሪያ 14፣ በኋላም ሌሎች 30 ያህል ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማው ሰው ቦርሳውን እየጨበጠ የሚያልፋቸው ዓይነት ልጆች ሕሙማንን ተሸከሙ፣ አጠቡ፣ አስታመሙ። ማርጋሪታ አንሶላውንና ፎጣውን ሰጥታ ስትጨርስ የመሠዊያውን ጨርቅ እንኳ አወጣች። ከልጆቹ አንድም በበሽታው አልተያዘም። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሰፈር፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ካህኑን አዳነ፤ ባለቤት የሌላቸው ልጆችም ከተማዋን አስታመሙ።

በ1855 በጄኔራላ የወጣቶች እስር ቤት ሱባዔ ከሰጠ በኋላ፣ እስረኞቹን ሁሉ ያለ ዘበኛ ለአንድ ቀን ሽርሽር ይዞ ለመውጣት ከሚኒስትሩ ፈቃድ እንዳገኘና ማታ ሲቆጠሩ አንድ እንኳ እንዳልጎደለ ይተረካል። ከዚህ ይበልጥ እኛን የሚነካን ግን የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። በ1857 በልግ በካርማኞላ የባቡር ጣቢያ በጭጋግ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ የልጆች ጩኸት ሰማ፤ ከሁሉ በላይ የሚያዝዝ አንድ ድምፅ ነበር። ሚኬሌ ማጎኔ ይባላል፤ 13 ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሞቷል፣ ከትምህርት ቤትም በተደጋጋሚ ተባሯል። ዶን ቦስኮ ሲቀርብ ሌሎቹ ሸሹ፣ እርሱ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ማንነቱን ጠየቀው። ቫልዶኮ ከገባ በኋላ መጀመሪያ በጨዋታ የሚቀድመው አልነበረም፤ ቆይቶ ግን ብቻውን ቆሞ የሚያለቅስ ሆነ። ጓደኞቹ ወደ ቅዱስ ቁርባን ሲቀርቡ እርሱ በልቡ ያለውን ሸክም አያውቅበትም ነበር። ጥሩ ኑዛዜ ካደረገ በኋላ እንደ ቀድሞው ሳቂ፣ ከቀድሞውም ይልቅ ለደካሞች ተከራካሪ ሆነ። በጥር 1859 በአጭር ሕመም ዐረፈ። ዶን ቦስኮ የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመው፤ በባቡር ጣቢያ የተገኘ የጎረምሶች አለቃ የመንፈሳዊ መጽሐፍ ባለታሪክ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን፤ ብዙ መጻሕፍት ተርከውታልና። በታኅሣሥ 1859 ከቤቱ ባደጉ ወጣቶች የሳሌዝያንን ማኅበር መሠረተ፤ በ1872 ከቅድስት ማርያም ማዛሬሎ ጋር የእኅቶችን ማኅበር አቆመ፤ በ1875 የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን ወደ አርጀንቲና ላከ። በ1877 የአስተዳደግ ዘዴውን በትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ መሠረቶቹ አእምሮ፣ ሃይማኖትና ፍቅራዊ ቸርነት ናቸው። ጥር 31 ቀን 1888 ዐረፈ፤ በ1934 የትንሣኤ በዓል ዕለት ፒዮስ 11ኛ ቅድስናውን ዐወጁ። ልጆቹ በ1975 ወደ አገራችን መጥተው በመቐለ ጀመሩ፤ ከዚያም በዓድዋ፣ በዲላ፣ በዝዋይ፣ በጋምቤላ፣ በአዲስ አበባም ትምህርት ቤቶችንና የሙያ ማሠልጠኛዎችን አቋቁመዋል።

ስለ ውሻው የቀረ ነገር አለን። በ1866 ዶን ቦስኮ በልጅነቱ ከብት ወደ ጠበቀበት ወደ ሞልያ ቤተሰብ ይሄድ ነበር። በመንገድ መሸበት፤ ግሪጆ በኖረ ብሎ ሲመኝ ውሻው ዘልሎ ደረሰ፤ እስከ ቤቱም አብሮት ሄደ። ቤተሰቡ ራት ላይ ሳሉ ውሻው ከክፍሉ ጥግ ተጋድሞ ነበር። ለእርሱም ይሰጠው ብለው ሲነሡ ግን በሩም መስኮቱም እንደ ተዘጋ አጡት። ያ ልጅ አንድ ጊዜ ጥቅልሉን ይዞ ሥራ የለመነበት ቤት ነበር።

በ1883 ደግሞ፣ ዓይኖቹ ደክመው እግሮቹ ባበጡበት ዘመን፣ በሊጉርያ ባሕር ዳርቻ በቦርዲጌራ አካባቢ በዝናብና በጨለማ መንገድ ጠፍቶበት ሳለ፣ አንድ ግራጫ ውሻ ከፊቱ እየሄደ ጭቃውን አሻግሮ እስከ ሳሌዝያን ቤት እንዳደረሰው ቆይቶ ተናግሯል። በማርሴይ በአንድ ቤተሰብ ገበታ ላይ ይህን ሲተርክ የቤቱ እመቤት ተገርማ፣ ውሻ ሠላሳ ዓመት እንዴት ይኖራል ስትል ጠየቀችው። ሽማግሌው ካህን ፈገግ አለና፣ እንግዲያስ የግሪጆ ልጅ ወይም የልጅ ልጁ ይሆናል ብሎ አለፈው።